ያልለካ ሰው አልዋሸም?

ሰው የሚያውቀውን ጉድለት ደብቆ ዕቃ ቢሸጥ አታላይ መባሉ አያከራክረንም። የማያውቀውን ጉድለት ሳይናገር ቢሸጥስ? ምን ያድርግ፣ አላወቀም እንላለን። እስቲ አሁን ሦስተኛውን ሰው ያስቡልኝ። ለማወቅ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን ካወቀ መናገር ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ ሳያውቅ መቅረቱን መረጠ። ይህንን ሰው ከየትኛው ወገን እንመድበው?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከአንድ መኪና የኋላ ወንበር ሥር ነው። ነገሩ ስለ ቤንዚን ፓምፕ ስለሆነ መኪና የማይነዱ አንባብያን ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ዕቃውን ሳናውቅ ጥፋቱን መመዘን አንችልም።

አዲስ አበባ ላይ በላዳ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ የዱሮውን ፓምፕ ያውቀዋል። ከሞተሩ ጎን ተገጥሞ በሞተሩ በራሱ ጉልበት የሚገፋ ቀላል ነገር ነበር። ኮፈኑ ሲከፈት ይታያል። በሙቀት ቀን ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እየተነነ መኪናው ቀጥ ሲል ሾፌሩ ይወርድና እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጎ ጥቂት ይጠብቃል። ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል፤ ምክርም ይሰጣል። በሽታውም መድኃኒቱም የአደባባይ ነበር።

የአሁኖቹ መኪኖች ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን የሚኖረው ሰልባትዮው ውስጥ፣ ቤንዚኑ መሐል ተነክሮ ነው። ካርቡራተር ላለው ሞተር ሩብ ባር ያህል ግፊት ይበቃ ነበር፤ ቤንዚኑን በመርፌ ቀዳዳ የሚረጨው ሞተር ግን ሦስት ባር ገደማ ይፈልጋል። ይህን ያህል የሚገፋ ዕቃ ይሞቃል፤ የሚያቀዘቅዘውም በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው። (እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በሃምሳ በሃምሳ ራንድ እየቀዳን፣ የቤንዚን መብራት በርቶ ቀኑን ሙሉ የምንዞር ሰዎች ፓምፑን በገዛ እጃችን ነው የምናቃጥለው። ሩብ ሰልባትዮ ሁልጊዜ ይኑራችሁ።) በብዙ መኪኖች ቁልፉን ስታዞሩ፣ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት፣ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል ጥዝዝ የምትል ድምፅ ትሰማለች። ፓምፑ ነው። ከዚያች ድምፅ በቀር ስለ እርሱ ባለቤቱም፣ ተሳፋሪውም፣ ገዢውም የሚያውቁት ነገር የለም።

አሌክሳንድራ ውስጥ ኮሮላዬን ይዤ ስሠራ፣ በአንድ የበጋ ወር መኪናው እኩለ ቀን ላይ መቆም አመጣ። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ጥዝዝታዋም አንዳንዴ ትጠፋለች። ይህ ፓምፕ ሊሞት ሲል የሚያሳየው የታወቀ ምልክት ነው። ሆኖም ምልክት ማስረጃ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ከቀላሉ መጀመር ነው፤ በመጀመሪያ ፊውዙ፣ ቀጥሎ ሪሌው፣ ቀጥሎ እስከ ፓምፑ ሶኬት ድረስ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎ የቤንዚኑ ግፊት በጌጅ ይለካል፤ ፓምፑ የሚከሰሰው በመጨረሻ ነው። እኔ ሁሉንም ዘልዬ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። አገር ቤት ሳለሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ስሌቱን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ለጻፈ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ነበር የምሰጠው። እንደ ዕድል ሆኖ የእኔም መልስ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ የዱሮው ፓምፕ በእርግጥ ሞቶ ነበር። ጉዳቱ ይኸው ነው። በግምት ያገኘ ሰው በሁለተኛውም ጊዜ ይገምታል።

ዋናው ፓምፕ በመኪናው ድርጅት ካርቶን ታሽጎ የሚሸጥበት ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነበር። ዋይንበርግ ውስጥ ከመለዋወጫ ሱቅ በሢሶው ዋጋ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ምትክ ገዛሁ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውን ነገር ላንሣ። ምትክ ዕቃና አስመሳይ ዕቃ አንድ አይደሉም። መኪና አምራቾች አብዛኛውን ዕቃ ራሳቸው አይሠሩትም፤ ለምሳሌ ዴንሶ ለቶዮታ ፓምፕ ይሠራል፣ በራሱ ስምና ካርቶንም ይሸጣል። ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ልኩን ወስደው በስማቸው ይሠራሉ፤ አንዳንዱ ጎበዝ ነው፣ አንዳንዱ ሰነፍ። እነዚህ ሁሉ ማንነታቸውን አልደበቁም። አስመሳይ የሚባለው የሌላውን ስም በራሱ ላይ የጻፈው ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄደው ‹‹ኦሪጅናል ነው?›› ብለው ሲጠይቁ ‹‹እንደ ኦሪጅናል ነው›› ብሎ የሚመልስልዎ ነጋዴ አለ። ይህች ‹‹እንደ›› የምትባል ቃል ስንት ቤት እንደ ሠራችና ስንት ሞተር እንዳፈረሰች እግዚአብሔር ይወቅ። የእኔ ፓምፕ ግን ስሙን ያልደበቀ ጨዋ ምትክ ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ማለዳ ግቢ ውስጥ፣ ክፍት አየር ላይ ገጠምኩት። መጀመሪያ የፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ሞተሩ በቱቦው የቀረውን ቤንዚን ጨርሶ እስኪጠፋ አስነሣሁት፤ አለዚያ ቱቦው ሲፈታ ዓይን ላይ ይረጫል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። የኋላውን ወንበር አነሣሁ፤ ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት በዙሪያው ያለውን አቧራ ጠረግሁ፤ ሰልባትዮ ውስጥ የገባ አሸዋ የፓምፑን ማጥለያ ይደፍናልና። አዲስ የላስቲክ ማሸጊያ አደረግሁለት። እስከዚህ ድረስ እንኳን ለጎረቤት ለተማሪ የማላፍርበት ሥራ ነበር።

ከዚያ ሶኬቱ አልገጥም አለ። የምትክ ዕቃ ጠባይ ነው፤ ሆዱ ይመሳሰላል፣ አፉ ይለያል። ሁለቱንም ቆርጦ ሽቦ ከሽቦ ማያያዝ የግድ ሆነ። ይህ ሲሆን ማያያዣውን በደንብ መጭመቅ ወይም በሊድ መበየድ፣ ከዚያም እርጥበትና አቧራ እንዳይገባው ማሸግ ያስፈልጋል። መበየጃ አልነበረኝም። ማርልቦሮ ባቡር ጣቢያ የምትጠብቀኝ ደንበኛ ደግሞ ነበረችኝ። ሽቦዎቹን በጣቴ አጣምሬ ናስትሮ ጠቀለልኩባቸው፤ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ ብዬ። ቁልፉን ሳዞር ጥዝዝ አለ፤ ከዱሮው ትንሽ ጎላ ያለ ድምፅ ነው። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ወንበሩን መለስኩ፣ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ቅዳሜም መጣች፣ ሌላ ቅዳሜም መጣች። ያቺ ናስትሮ ከሐሳቤ ጨርሳ ወጣች።

ስምንት ወር ያህል መኪናው እንጀራዬን ሰጠኝ። ከዚያ ሉዊስ ቦታ ጎዳና ላይ፣ ከኦሬንጅ ግሮቭ ሽቅብ ስወጣ፣ ከሞቀ በኋላ እየደከመ መጣ። አይቆምም፤ ግን ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ይሆናል። በልቤ ‹‹ምትክ አይደል፤ ጊዜው ደረሰ›› አልኩ። እንደገና ግምት።

በዚያው ሰሞን ሌላ መኪና በዱቤ ልወስድ ስለነበር ኮሮላውን ለመሸጥ አወራሁ። አንድ የአገሬ ልጅ መጣ። አራት ዓመት በአንድ ሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሞ የሠራ፣ ሁለት ጊዜ የተዘረፈ ልጅ ነው። እቁብ ደርሶታል። ከሱቅ ወጥቶ ታክሲ መሥራት ይፈልጋል። እኔ አላስተማርኩትም፣ ግን እንደ ሌሎቹ እርሱም ‹‹ቲቸር›› ነው የሚለኝ።

ሊመጣ በነበረበት ዋዜማ ማታ ጎረቤቴ የሆነው መካኒክ መኪናውን ሳጥብ አየና የግፊት መለኪያ ጌጁን አንሥቶ ‹‹ልለካልህ?›› አለኝ። ዐሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። እጄ ወደ ጌጁ ተዘርግቶ ነበር፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ከዚያ ‹‹አያስፈልግም፣ ይመሻል›› አልኩት። አልመሸም ነበር።

በማግሥቱ ልጁ መኪናውን ዞሮ አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ራዲዮውን ከፈተ። ‹‹ቲቸር፣ ችግር አለበት እንዴ?›› አለ። ‹‹እኔ እየሠራሁበት ነው። ባለበት ነው የምሸጥልህ›› አልኩት። ልብ ይበሉ አንባቢ፣ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። ሽቅብ ላይ እንደሚደክም ግን አልነገርኩትም፤ ፓምፑን ራሴ መቀየሬንም አላነሣሁም። ገንዘቡን ቆጠረ፣ ተጨባበጥን፣ መርቄ ሸኘሁት።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ይህች ‹‹ባለበት›› የምትባል ቃል በደቡብ አፍሪካ ሕግ የራሷ ስም አላት፤ በአፍሪካንስ ቋንቋ ፉትስቱትስ ይሏታል። ቃል በቃል ስትተረጎም በእግር ገፋ ተደርጎ የተሰጠ እንደ ማለት ነው። ገዢው ዕቃውን ከነጉድለቱ ተቀበለ ማለት ነው። የአገሪቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በ2011 ሥራ ላይ ሲውል ነጋዴዎች በዚህች ቃል መሸሸጋቸውን አጥብቦባቸዋል፤ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ገዢው በስድስት ወር ውስጥ መልሶ ማስጠገን፣ ማስቀየር ወይም ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ግን ፉትስቱትስ ዛሬም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ያፈርሰዋል፤ ሻጩ ጉድለቱን አውቆ ለማታለል ከደበቀ ቃሏ አታድነውም። ይህንንም በማስረጃ ማሳየት ያለበት ገዢው ነው።

የእኛም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት የጸዳ ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል። የሁለቱም ሥር ከሮማውያን ነው የሚመዘዘው። በሮም ገበያ ላይ የተሾሙ ሹማምንት ባሪያና የጋማ ከብት ሻጮች ያለውን በሽታና ጉድለት እንዲናገሩ ያስገድዱ ነበር።

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ገደማ ለልጁ በጻፈው ስለ ግዴታዎች በተባለው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ ያነሣል። የስሙ መመሳሰል ይገርመኛል፤ ነጋዴው የተነሣው ከእስክንድርያ ነው፤ የእኛይቱ አሌክሳንድራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 መሬቱን ከፋፍሎ በሸጠው ባለ እርሻ ሚስት ስም የተሰየመች ናት። የእስክንድርያው ነጋዴ እህል በመርከብ ጭኖ ረኃብ ወዳለባት ሮድስ ደሴት ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? በዚህና ከዚህ ጋር አብሮ በተነሣው የቤት ሽያጭ ጉዳይ ሁለት የግሪክ ፈላስፎች ተከራክረዋል። የባቢሎኑ ዲዮጋን ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ያህል ይናገር፣ ከዚያ በላይ ግን ሳያታልል በተሻለ ዋጋ ይሽጥ፣ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ገዢ እየተሳሳተ ገደል ሲገባ ዝም ብሎ ማየት የተሳሳተ መንገድ ከመጠቆም አይሻልም ባይ ነው። ሲሴሮም ያደላው ወደዚህኛው ነው፤ ለራሱ ጥቅም ሲል ሌላው ማወቅ የሚገባውን እንዳያውቅ የፈለገ ሰው ደብቋል ይለዋል።

ጥሩ ክርክር ነው። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የእስክንድርያው ነጋዴ መርከቦቹን በዓይኑ አይቷል። ቤት ሻጩም የቤቱን ጉድ ያውቃል። ጀርባውን ለባሕሩ አዙሮ የተቀመጠውን፣ መርከብ ይምጣ አይምጣ ላለማየት ፊቱን የመለሰውን ነጋዴ ማንም አልጠየቀልኝም። በፉትስቱትስ ሕግም ቢሆን እንዲህ ያለው ሰው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ያወቀ ሲጠየቅ ያላወቀ ይድናል፤ እንግዲያው ብልህ ሻጭ ጌጅ አይነካም።

ልጁ መኪናውን ከገዛ በሦስተኛው ሳምንት አርብ ማታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኤን 3 በተባለው አውራ ጎዳና፣ በለንደን ሮድና በማርልቦሮ መውጫዎች መካከል፣ መሐለኛው መሥመር ላይ መኪናው ቀጥ ብሏል። ይህ ጎዳና ወደ ደርባን የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ሌሊቱን የሚያልፉበት ነው። ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ ነበረችበት። ልጁ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ እርሷ ጫማዋን አውልቃ እየገፋች፣ የመኪና ጥሩምባ እየጮኸባቸው ወደ ዳር አወጡት። ስደርስ ሁለቱም ከብረቱ አጥር ወዲያ ቆመው ነበር። በዚህ ከተማ በጨለማ የቆመ መኪና አጠገብ መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በተለይም ለእኛ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣውና ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው ጥቃት የጀመረው ከዚሁ ከአሌክሳንድራ ነው። ልጁ ያኔ ገና ሕፃን ነበር፤ ታሪኩን ግን እንደ ሁላችንም ያውቀዋል።

መጀመሪያ ያለኝ ነገር ‹‹ይቅርታ ቲቸር፣ በሌሊት አስቸገርኩህ›› ነው።

በገመድ ጎትተን ግቢ አስገባነው። በማግሥቱ ጎረቤቴ ጌጁን ይዞ መጣ። ቱቦው መሐል ገጥሞ ሲያስነሣው በቀዝቃዛው ሦስት ባር ቀረብ አለ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከሁለት በታች ወረደ። ‹‹ይኸው፣ ፓምፑ ነው›› አልኩ። በውስጤ ዕፎይታ የመሰለ ነገር ተሰማኝ፤ ጥርጣሬዬ ልክ ነበርና። ሰው በራሱ ጥፋት ላይ እንኳ ልክ መሆን ደስ ይለዋል። ጎረቤቴ ግን ሰው ከመክሰሱ በፊት የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ቴስተሩን አምጥቶ በመጀመሪያ ባትሪውን ለካ፤ 12.4 ቮልት። ፓምፑ እየሠራ ሶኬቱ ላይ ለካ፤ 9.4 ቮልት። ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። ወንበሩን አነሣን፣ ክዳኑን ከፈትን። ናስትሮው ቀልጦ ተልፈስፍሷል፤ በጣቴ ያጣመርኩት መዳብ ጠቁሮ ተሰባብሯል።

የኦምን ሕግ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ፓምፑ አምስት አምፔር ያህል ይስባል እንበል። ሦስት ቮልት ለአምስት ሲካፈል 0.6 ኦም ይሆናል፤ ይህን ያህል ተቃውሞ በአንዲት የሽቦ ቋጠሮ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ሦስት በአምስት ሲባዛ ደግሞ ዐሥራ አምስት ዋት፤ ይህን ያህል ሙቀት ከቤንዚን ሰልባትዮ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ሲነድ ከርሟል። በላዩ ላይ ሰው ይቀመጣል። ተሳፋሪ ሁሉ፤ ያቺም ሴት።

ሽቦውን ቆርጠን በየድነው፣ በደንብ አሸግነው። ጌጁ 3.2 ላይ ወጥቶ ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆመ። ፓምፑ ደኅና ነበር። ስምንት ወር የጠረጠርኩት፣ የናቅሁት፣ በልቤ የደበቅሁት ምትክ ፓምፕ ምንም በደል የለበትም፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። የደበቅሁት የፓምፑን ጥርጣሬ ነው፤ ፓምፑ ግን ጤነኛ ስለነበር የደበቅሁት ጉድለት በዓለም ላይ የለም። መኪናውን ያቆመው ቋጠሮው ነው፤ ቋጠሮው መበላሸቱን ግን በእውነት አላውቅም ነበር። ስለዚህ በሕግ ፊት ብቀርብ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ነኝ! የደበቅሁት አልጎዳም፤ የጎዳውን አልደበቅሁም። እንዲህ ጥርት ያለ ነፃነት አግኝቼ ዐላውቅም፤ እንዲህ እንቅልፍ የነሣኝም ነገር የለም።

አንድ ሰው ናስ ነው ብሎ ያመነበትን ቀለበት ወርቅ ነው ብሎ ቢሸጥ፣ ቀለበቱም ሳያውቀው ወርቅ ሆኖ ቢገኝ፣ ገዢው አልተጎዳም። ሻጩ ግን ምን ሆነ? በእኔ አስተያየት ያ ሰው ሌባ ነው፤ ዕድሉ ብቻ ሳይሰርቅ አስቀረው። የመጀመሪያው ሒሳብ በዚህ ይዘጋል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ያን ማታ ጌጁን ብቀበል ኖሮ የምፈልገው ፓምፑን ነበር፤ የማገኘው ግን ቋጠሮውን ነው። ግፊቱ ሲወርድ አይተን፣ ቴስተር አምጥተን፣ ክዳኑን ከፍተን፣ ያቀለጥኩትን ናስትሮ አይ ነበር። ለማየት እምቢ ስንል የምንሸሸው የፈራነውን አንድ ነገር ብቻ ይመስለናል። ያልከፈትነው ክዳን ግን ያልጠረጠርነውንም አብሮ ይዘጋል፤ ስፋቱንም አናውቀውም። ‹‹አላውቅም ነበር›› የምትለው ቃሌ እውነት ናት፤ ነገር ግን ያችን እውነት ራሴ ነኝ ያመረትኳት፣ ያን ማታ፣ ‹‹ይመሻል›› ባልኩበት ሰዓት።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው ሣቀብኝ። ‹‹ሁሉን ለክተህ ከሸጥክማ የምትሸጠው መኪና ሳይሆን ምርመራ ነው። አሮጌ መኪና ሺህ ዕቃ አለው። ደግሞስ ገዢው ዓይን የለውም?›› አለኝ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሻጭ ሁሉ ብሎን እየፈታ ይመርምር ቢባል ድኻ ለድኻ የሚሸጠው ነገር አይኖርም። ፍሬኑን፣ ማርሹን፣ ራዲያተሩን አልለካሁም፤ በእነርሱም ሕሊናዬ አይወቅሰኝም። ምክንያቱም አልጠረጠርኳቸውም። ወሰኑን የማሰምረው እዚህ ነው፤ እጄ ወደ ጌጁ ተዘርግቶ በተመለሰበት ቦታ። ከዚያ ወዲህ ያለው አለማወቅ የሰው ልጅ ድካም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሥራ ነው፣ የእጅ ሥራ። ለመለካት ባልፈልግ እንኳ ‹‹ሲሞቅ ሽቅብ ላይ ይደክማል፣ ምክንያቱን አላየሁም›› ማለት ይቻል ነበር። ያን ብል ዋጋው በጥቂት ሺህ ራንድ ይወርድብኝ ነበር። የአዲሱ መኪና ቅድሚያ ክፍያ ያንኑ ያህል ነበር የሚጎድለው። ይኸው ነው፤ ሌላ ጥልቅ ምክንያት የለኝም።

የገዢው ዓይን ነገርስ? ልጁ ዓይን አለው፣ ጌጅ ግን የለውም። ከዚያ ይልቅ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እንግዳ ሰው ብሆን ኖሮ መካኒክ ይዞ ይመጣ ነበር። ከሌላ ሲገዛ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ ዘንድ ሲመጣ ብቻውን የመጣው ‹‹ቲቸር›› ስለሆንኩ ነው። እኛ በዚህ አገር ያለ ወረቀት የምንኖር ሕዝብ ነን፤ እቁባችን በቃል፣ እድራችን በቃል፣ ብድራችን በቃል። አንዱ የአንዱን ስም ዋስ አድርጎ ይገበያያል። ታዲያ የአስተማሪነት ስሜ ልጁን ከመጠበቅ ይልቅ ዓይኑን ጨፈነበት። ዋስ የሆንኩለት እኔ ነኝ፣ ጉድለቱንም የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ ከባዕድ ሰው ቢገዛ ይሻለው ነበር ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከብዶኛል፤ አልሰርዘውም።

ከጥገናው በኋላ ባለው እሑድ ልጁ ጄፒ ወስዶ ቡና ጋበዘኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ ለነበሩት ሁሉ ‹‹ቲቸር በሌሊት መጥቶ ጎትቶ፣ አንድ ራንድ ሳይቀበል ሠራልኝ›› እያለ አወራ። አንድ ሽማግሌ መረቁኝ። እኔም አሜን ብዬ እስከ በረካ ጠጣሁ። ቋጠሮው የማን እጅ እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ ከፊተኛው ባለቤት የመጣ መስሎት ይሆናል፤ ያም ባለቤት እኔ መሆኔን ረስቶት አይደለም፣ በእኔ ማሰብ አልሆነለትም እንጂ።

ይህ መጽሔት ልጁ ሱቅ በነበረበት ጊዜ ከባንኮኒው ሥር ይቀመጥ ነበር። አሁንም ያነበዋል። ስለዚህ ይህ እትም ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ሄጄ መንገር አለብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናውን ሲያጥብ አገኘዋለሁ፤ የቀነስኩበትን ጥቂት ሺህ ራንድም በኤንቬሎፕ አድርጌአለሁ፤ ገና አልሞላም።